የኦሞ አጥንት ለኦሞ ልጆችም ይታይ



በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ኪራይ፥ ስለ መንገድና ስለ መሥሪያ ቤት አሠራር የሚጻፉትን ደብዳቤዎች ዘወትር እከታተላለሁ። የሚበዙት በከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች የሚላኩ መሆናቸውንም ዐውቃለሁ። እኔ ዛሬ የማነሣው ጕዳይ ለአንዳንዱ ሰው የቅንጦት ነገር ሊመስለው ስለሚችል፥ በትዕግሥት እንዲነበብልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ጕዳዩ ስለ ቤተ መዘክር ነው፤ ያውም ሰው ሁሉ በረሃ እያለ በሚጠራው በደቡብ ኦሞ ስለሚያስፈልግ የሳይንስ ቤተ መዘክር።

እኔ በጂንካ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት በጋሞ ደጋ ሲሆን ፊደል የቈጠርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ወደ ጂንካ ተመድቤ ስመጣ ዘመዶቼ ነገሩን እንደ ግዞት ቈጥረውት ነበር፤ እናቴማ «በረሃ ጣሉብኝ!» ብላ አልቅሳለች። ጂንካ ግን ዝናብ የማይነሣት አረንጓዴ ከተማ ናት። በረሃው የሚጀምረው ከእርሷ ወርደው ወደ ማጎ፥ ወደ ቱርሚና ወደ ኦሞራቴ ሲያቀኑ ነው። ልጆቹ ግን ከዚያ ሁሉ ቈላ ለትምህርት ወደ ጂንካ ይመጣሉና የአሪ፥ የሐመር፥ የበና፥ የማሌ፥ የኛንጋቶምና የዳሰነች ልጆች በአንድ ክፍል ውስጥ ጐን ለጐን ተቀምጠው አስተምራቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ቤተ መዘክር ወጣሁ። ይህ ቤተ መዘክር በ1993 የተቋቋመ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ) ከተማዋን ከላይ በሚመለከት ኰረብታ ላይ ይገኛል። ቅዳሜ የገበያ ቀን በመሆኑ እኛ ሽቅብ ስንወጣ ገበያተኛው ቍልቍል ይወርድ ነበር። አንዲት እናት ቅል ተሸክማ ስታልፈን ከሴቶቹ ልጆች አንዷ፥ «እርሷ ለሽያጭ ትወስደዋለች፥ እኛ ለማየት እንወጣለን» ብላ ጓደኞቿን አሣቀቻቸው።

ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ሣቁ ቀረ። ልጆቹ ብርኩማውን፥ ቅሉን፥ ከቆዳ የተሰፋውን የሴቶች ልብስ ባዩ ጊዜ አንዱ ለሌላው ማስረዳት ጀመረ፤ አስተማሪነቱ ከእኔ እጅ ወጥቶ ወደ እነርሱ አለፈ። በመምህርነት ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተደሰትሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚያ ወጥተን ከግቢው ዛፍ ሥር ዐረፍ እንዳልን፥ ከኦሞ ወንዝ ማዶ የመጣ፥ በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ አንድ ልጅ ወደ እኔ ቀረበና፤

«ጋሼ፥ የእናቶቻችን ዕቃ እዚህ አለ። አጥንቶቹስ የት ናቸው?» አለኝ።

«የምን አጥንት?»

«ፈረንጆች የሚለቅሙት ነዋ። እኛ ዘንድ ዝናብ ሲመታ ከመሬት ይወጣል፤ ፍየል ስንጠብቅ እናየዋለን። አባቴ ግን ‹እንዳትነኩት፥ ባለቤት አለው› ይለናል።»

መልሱን ዐውቀው ነበር፤ ነገር ግን ወዲያው ለመመለስ አፈርሁ። የኰረብታው ቤተ መዘክር የተቋቋመው የሕያዋኑን ሕዝቦች አኗኗር ለማሳየት ነውና የልጁ ጥያቄ በእርሱ ላይ የሚቀርብ አይደለም። ጥያቄው በእኔና በእናንተ ላይ ነው።

ለመሆኑ ልጁ የጠየቀው አጥንት ምንድር ነው? ብዙዎቻችን ስለ ሉሲ እንሰማለን፤ ሉሲ በ1974 በአፋር ሐዳር ከተገኘች ወዲህ ዓለም ሁሉ ያውቃታል። ስለ ኦሞ ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣን እንግዳ ብትጠይቁት የሚነግራችሁ ስለ ከንፈር ገልና ስለ ከብት ዝላይ ብቻ ነው። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ከ1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግን በአፈሩ ውስጥ ስላለው ነገር ነው።

ፈረንሳዊው ካሚል አራምቡር በ1932 እና በ1933 በኦሞ ቈፍሮ ያገኘውን ወደ ፓሪስ ይዞ ሄደ። ከዚያም በ1967 የፈረንሳይ፥ የአሜሪካና የኬንያ ሊቃውንት በሦስት ቡድን ተከፍለው መጡ። በሪቻርድ ሊኪ የሚመራው የኬንያው ቡድን ኪቢሽ በተባለው ስፍራ እንደ እኛ ያለ ሰው አጥንት አገኘ፤ ይኸውም ዛሬ ኦሞ አንድና ኦሞ ሁለት እየተባሉ የሚጠሩት ናቸው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 130 ሺህ ዓመት ያህል ይሆናል ተብሎ ተገመተ። በ2005 የኦሞ አንድ ዕድሜ ወደ 195 ሺህ ዓመት ከፍ አለ። በ2022 ደግሞ ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት ነው ተባለ።

ይህ የመጨረሻው ቍጥር እንዴት እንደ ተገኘ ብነግራችሁ የማትሰለቹ ይመስለኛል። ወደ ሐዋሳ ለስብሰባ ስትወርዱ ከመንገዱ በስተ ምዕራብ የሻላን ሐይቅ ታያላችሁ። ያ ሐይቅ የተኛበት ጐድጓዳ የታላቅ እሳተ ገሞራ አፍ ነበር። እሳተ ገሞራው በፈነዳ ጊዜ አመዱ በመቶ የሚቈጠር ኪሎሜትር ተጕዞ በኪቢሽ ላይ ወረደና የሰውየው አጥንት ካለበት አፈር በላይ ተነጠፈ። የአንዱ እሳተ ገሞራ አመድ ከሌላው አመድ በቅመሙ ስለሚለይ፥ ሊቃውንቱ የኪቢሹን አመድ መርምረው የሻላ መሆኑን ዐወቁ። የሻላው ፍንዳታ ከ233 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከሆነ፥ ከአመዱ በታች ያለው አጥንት ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ሊኖረው አይችልም ማለት ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ለማስረዳት ሦስት ብርድ ልብስ አንዱን በሌላው ላይ አነጥፌ አሳየሁ። ያ ከማዶ የመጣው ልጅ ወዲያው፥ «የታችኛው ቀድሞ ነው የተነጠፈው» አለ። ብርድ ልብስ ባልነበረበት ጊዜ ይህን የዝናብ ውሃ በቈረጠው የገደል አፋፍ ላይ በዐይኑ ሲያየው ያደገ ልጅ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ1967 የተገኘው የኦሞ አንድ አጽም ጐደሎ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይተው ወደዚያው ስፍራ ቢመለሱ የተረፈ የጭን አጥንት ስባሪ አገኙ፤ ከቀድሞው ጋር ቢያገናኙት ልክ ሆኖ ገጠመ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የአገሩ እረኞች በዚያ አካባቢ ፍየላቸውን ሲነዱ መኖራቸውን ሳስብ ይገርመኛል።

ከኪቢሽ ሌላ ሹንጉራ የሚባል ቦታ አለ። በዚያ ስፍራ ንብርብሩ ከ700 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ሲሆን፥ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እስከ አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለውን ዘመን እንደ መጽሐፍ ገጽ ደራርቦ ይዟል። ሊቃውንቱ በየመካከሉ የገባውን የእሳተ ገሞራ አመድ ምልክት እያደረጉ ንብርብሩን በላቲን ፊደል ተራ ሰይመውታል። የተማሪዎቼን ጆሮ የሳበው ግን የከርከሮ ነገር ነው። በኦሞ ብዙ የከርከሮ ወገን ጥርስ ተገኝቷል፤ የአንዳንዶቹ ዘር የኋለኛው መንጋጋ ጥርስ ዘመን በዘመን ላይ በተጨመረ ቍጥር እየረዘመ ሄዷል። በ1970ዎቹ ዓመታት ከኬንያ ወገን በቱርካና ሐይቅ ምሥራቅ ዳር አንድ ዝነኛ የራስ ቅል ተገኝቶ ዕድሜው ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል ተብሎ ነበር። ባዝል ኩክ የተባሉ ሊቅ በዚያ ያለውን የከርከሮ ጥርስ ከኦሞው ጋር ቢያስተያዩት ነገሩ አልገጠመም። ታላላቆቹ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ከተከራከሩ በኋላ ልኬቱ እንደ ገና ቢሠራ ዕድሜው ወደ 1.9 ሚሊዮን ዓመት ዝቅ አለ። የኦሞ ከርከሮ ሊቃውንቱን አረመ ማለት ነው! ይህን የነገርኋቸው ዕለት ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ፤ በፈተናም ጊዜ ያንን ጥያቄ የሳተ ተማሪ አልነበረም።

አንዳንድ ወዳጆቼ በሚሲዮን ቤት ያደገ ሰው ስለ መቶ ሺህና ስለ ሚሊዮን ዓመት ሲያስተምር እንዴት አይጨነቅም ይሉኛል። እኔ ግን ፈጣሪ ለሠራው ሥራ ጊዜ አጠረው ብዬ አላስብም። ደግሞም ይህን ሳይንስ መውደድ ያስተማሩኝ እነዚያው የሚሲዮን መምህራን ናቸው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት ስሙን ለማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍሁ። የጠየቅሁት የኦሞን አጥንቶች እንዲመልሱልን አልነበረም። ዋናዎቹ አጥንቶች በደኅና ካዝና፥ በተመጠነ አየርና በጥበቃ ሥር ሆነው፥ የዓለም ሊቃውንት በሚመረምሩበት ስፍራ መኖር እንደሚገባቸው ዐውቃለሁ። የጠየቅሁት የጄሶ ቅጂ ነው፤ የኦሞ አንድና የኦሞ ሁለት የራስ ቅል፥ ጥቂት የከርከሮ ጥርስ፥ ጥቂት ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያ፥ ከነማብራሪያ ጽሑፋቸው። ለዚህም አንድ ክፍል ቤት በጂንካ ከተገኘ ይበቃል አልሁ።

መልስ ስላልመጣ በክረምቱ ዕረፍት ራሴ ሄድሁ። አንድ ኀላፊ በትሕትና ተቀብሎ አነጋገረኝ፤ ቡናም አዘዘልኝ። ደብዳቤዬ ግን አልተገኘም። ጕዳዩን በቃሌ ባስረዳው ጊዜ ራሱን ነቅንቆ፥ «መምህር፥ ለበረሃ ሕዝብ መጀመሪያ ውሃ ነው። ቤተ መዘክር ምን ያደርግለታል?» አለኝ።

ይህ ቃል ከክፋት የወጣ አለመሆኑን አምናለሁ፤ እውነትም አለበት። የውሃን ጥማት ከእኔ ተማሪዎች ይልቅ የሚያውቀው የለም። ነገር ግን ወንድሜን በአክብሮት ልጠይቀው የምወደው አለ። በ2022 በአዲስ አበባ ትልቅ የሳይንስ ቤተ መዘክር ተመርቆ ተከፍቷል፤ እኔም በደስታ ጐብኝቼዋለሁ። የአዲስ አበባ ነዋሪ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ መሆኑን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ታዲያ ያን ጊዜ «መጀመሪያ ውሃ» ያለ ሰው ነበር ወይ? አልነበረም፤ ሊኖርም አይገባም ነበር፤ የከተማ ልጅ ውሃም ሳይንስም ያስፈልገዋልና። የበረሃው ልጅ ሲሆን ግን አንዱን እንዲመርጥ የምናስገድደው ለምንድር ነው? ከዚህም ሌላ፥ ከምድር በታች ያለን ውሃ የሚፈልገው ሰው ያንኑ ንብርብር ማንበብ የተማረ ሰው ነው። ያን ሰው ሁልጊዜ ከሩቅ አገር ከማስመጣት ይልቅ ገደሉን እያየ ካደገው ልጅ መካከል ብናወጣው ምን ይጐዳናል?

ቅጂ መሆኑም አይናቅ። አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዘክር ሕዝብ ተሰልፎ የሚያያት ሉሲ ቅጂ ናት፤ ዋናዋ ተቈልፎባት ትኖራለች። እኔ ራሴ ቅጂ መሆኗን እያወቅሁ በፊቷ ቆሜ ሰውነቴን ውርር አድርጎኛል። ዋናዋ ሉሲ ከ2007 እስከ 2013 በአሜሪካን አገር ቈይታ ተመልሳለች፤ በ2025 ደግሞ ከሰላም ጋር ወደ ፕራግ ሄዳ ለቼክ ሕዝብ ታይታለች። በዚህ አልቀናሁም፤ አገሬ ስለ ተከበረችበት ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ዋናው አጥንት በአይሮፕላን ውቅያኖስ መሻገር ከቻለ፥ የጄሶ ቅጂ ከአዲስ አበባ ጂንካ ለመድረስ የሚያቅተው ነገር ምንድር ነው? አይሮፕላኑም ጂንካ ድረስ ይመጣል፤ እንደ ድሮው በከተማው መካከል ከሣር ላይ ከብት ተባሮለት የሚያርፍ አይደለም።

በረሃ ቤተ መዘክር አይችልም የሚል ካለም የጐረቤቶቻችንን ሥራ ይመልከት። በግብፅ በፋዩም በረሃ ዋዲ አል ሒታን በሚባለው ስፍራ፥ በጥንት ዘመን ባሕር በነበረው አሸዋ ላይ የዓሣ ነባሪ አጽሞች ይገኛሉ፤ እግር የነበራቸው የጥንት ዓሣ ነባሪዎች ናቸው። ግብፆች አጥንቱን ሁሉ ለቅመው ወደ ካይሮ አልወሰዱትም። ብዙውን በወደቀበት ትተው መንገድ አበጁለት፤ በ2016ም በዚያው በበረሃው ውስጥ የአሸዋውን መልክ የያዘ ቤተ መዘክር ከፈቱ። ኬንያም ከእኛ ድንበር ማዶ በቱርካና ሐይቅ ዳር በሎያንጋላኒ በ2008 ቤተ መዘክር አቁማለች፤ ስሙም «የበረሃ ቤተ መዘክር» ነው። እነርሱ በረሃ የሚለውን ስም ደጃፍ ላይ ጻፉት፤ እኛ ግን ፋይል ለመዝጊያ እንጠቀምበታለን።

ቦታውን በሚመለከት ትንሽ አሳብ አለኝ። ኦሞራቴ ላይ በወንዙ ዳር ይሠራ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በቅርብ ዓመታት የወንዙና የሐይቁ ሙላት በዳሰነች ብዙ መንደር አፈናቅሏል። ዋናው ክፍል ከየአቅጣጫው ልጆች በሚሰበሰቡበት በጂንካ ይሁን። በኪቢሽና በሹንጉራ ግን ሕንፃ አያስፈልግም፤ ጥላ የሚሆን ዳስ፥ በአማርኛና በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ ሰሌዳ፥ ከዚሁ ሕዝብ መካከል ሠልጥኖ በደመወዝ የተቀጠረ ጠባቂና አስረጂ ይበቃል። «ባለቤት አለው» የሚለው አባት ባለቤቱ እርሱም ጭምር መሆኑን ያን ጊዜ ያውቃል።

ለእናንተም ለመንግሥት ሠራተኞች አንድ ልመና አለኝ፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ። በየዓመቱ ለሥልጠናና ለስብሰባ ወደ ጂንካ የምትመጡ ብዙ ናችሁ። ሁለት ቀን በሆቴል አዳራሽ ትቀመጣላችሁ፤ በሦስተኛው ቀን መኪና ይያዝና ሙርሲ ተወርዶ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የውሎ አበል ይፈረማል፤ ከዚያም ጕዞ ወደ ቤት። ወደ ኰረብታው የምትወጡ ጥቂቶች ናችሁ፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ ደግሞ ከነጭራሹ አላየሁም። በሚቀጥለው ጊዜ ግማሽ ቀን ለተማሪዎቼ ስጧቸው። ከመካከላችሁ መሐንዲስ አለ፥ የውሃ ባለሙያ አለ፥ የካርታ ሠራተኛ አለ፤ ሥራውን ቢነግራቸው እንደ ቤተ መዘክር ይቈጠራል። በጠረጴዛችሁ ላይም ከጂንካ የመጣ ፋይል ብታገኙ፥ መልሱ «አይቻልም» እንኳ ቢሆን ጽፋችሁ ስደዱልን።

ስለ ሚሲዮን መምህራኖቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አንዱ ሽማግሌ መምህራችን አንድ የጣውላ ሣጥን ነበራቸው። በውስጡ የሐይቅ ቀንድ አውጣ ቅርፊት፥ የዓሣ አከርካሪ፥ ጥቍር ድንጋይና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይገኝ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑ ይከፈታል፤ እጁን ያልታጠበ ልጅ አይነካም። ድንጋይ ሲንሳፈፍ ያየሁ ዕለት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። መምህር የሆንሁት በዚያ ሣጥን ምክንያት ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

እኔም ከተማሪዎቼ ጋር እንዲህ ያለ ሣጥን ሠርተናል። ቅሪተ አካል የተባለ ነገር ከቦታው ማንሣት በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ አንዳችም አላስገባንበትም፤ ልጁንም አባትህ ያለህ ልክ ነው ብዬዋለሁ። ያስገባነው ከማጎ ወንዝ የመጣ ጠጠር፥ ጥቍር ድንጋይ፥ ከመንገድ ቍፋሮ የተገኘ ነጭ አመድና በቅርብ ዘመን የሞተ የከርከሮ መንጋጋ ነው። መንጋጋውን ከቤቱ ያመጣው ያው ልጅ ነው፤ በእኛ ቋንቋና በአማርኛ ይጻፍበት ብሎ መግለጫውን ራሱ ጽፎ ለጥፎበታል። ከመንጋጋው አጠገብ ባዶ ስፍራ ትቷል፤ ለጄሶው የጥንት ከርከሮ ጥርስ ማስቀመጫ ነው፤ ሁለቱን ለማስተያየት።

ልጁ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል። ፈተናውን ከወሰደ በኋላ በጂንካ አይቈይም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ወደ እኔ እየመጣ፥ «ጋሼ፥ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ?» ይለኛል። እስከ አሁን አልመጣም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ መምህር
ከጂንካ